ሽማግሌ የተላከባት ዳኛ

ዲጋ ላይ ዚነትን የማያውቅ የለም። የስፖርት መምህር ናት፤ ወላጆቿ ከወሎ በሰፈራ የመጡ፣ እሷ እዚሁ ተወልዳ ያደገች፣ ከእኔ ጋር አንድ ግቢ የምትኖር። ሰው ሲለምናት እምቢ ማለት አታውቅም። ጨው ያለቀበት ሁሉ የሚያንኳኳው የእሷን በር ነው፤ እኔንም ጨምሮ።

ታዲያ ሶፍትቦል የሚሉት ጨዋታ መጥቶ፣ ሥልጠና ወስዳ ዳኛ ስትሆን ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ዋናው ዳኛ ነብዩም የፈራው ይህንኑ እምቢ አለማለቷን ነው። ነቀምቴ ላይ የእኛ ዲጋ ለሚጫወትበት ግማሽ ፍጻሜ አንደኛው ቤዝ ላይ ሲመድባት፣ እኔ እየሰማሁ፣ «ዛሬ ይሉኝታ ከያዘሽ ሁለተኛ እዚህ አትቆሚም» አላት። እሷ ደግሞ ያን ቦታ እንደ ዓይኗ ብሌን ነው የምትወደው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ተጫዋቿ ኳሷን መትታ ቤዝ ወደሚሉት፣ መሬት ላይ ወደተነጠፈው ትራስ ትሮጣለች። እግሯ ቤዙን ሳይነካ ኳሷ እዚያ የቆመችው ተከላካይ ጓንት ውስጥ ከገባች፣ ሯጯ ከጨዋታ ወጣች። እኩል የደረሱ ሲመስል ዚነት ዓይኗን ቤዙ ላይ ትተክልና ጓንቱን በጆሮዋ ትከታተላለች። እኛ ኳስ ኳሱን ብቻ ነው የምናየው፤ አፋችን ግን ከዳኛ ይበልጣል።

መጨረሻ ላይ የዲጋዋ ሐዊ መትታ ሮጠች። ከደረሰች እኩል እንሆናለን፤ ካልደረሰች አበቃልን። ሜዳው ጸጥ አለ። ጓንቱ ጧ አለ። ዚነት ጡጫዋን ወደ ላይ አነሳች፤ ሐዊ ወጣች ማለት ነው።

ሜዳው ተናወጠ። «የገዛ አገሯን ሸጠች» ያላት ሁሉ አለ። ብቻ ጩኸቱ አላዋጣ ሲል ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ሽማግሌ ላኩባት። ሦስት አዛውንት ሜዳውን አቋርጠው መጡ፤ ከፊት ኦቦ ጨመዳ። ዚነትን ለባሏ የለመኑት፣ ትዳሯን ያቆሙት እሳቸው ናቸው። በቃ አለቀላት አልኩ።

ዚነት ኮፍያዋን አውልቃ፣ ጎንበስ ብላ ትከሻቸውን ሳመች።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ» አሏት፤ «ልጅቷ ለፍታለች። ለኛ ስትዪ ይቅር በያት።»

ነብዩ እጁን አጣምሮ ያያታል።

«አባባ፣ እርስዎን እምቢ ብዬ አላውቅም። ሐዊ በድላኝ ቢሆን እርስዎ እዚህ ድረስ ሳይደክሙ ይቅር እላት ነበር። ግን አልበደለችም። ኳሷ ቀደመቻት።»

«በጆሮሽ ሰምተሻል?»

«ሰምቻለሁ። እግሯ ገና ነበር።»

ሽማግሌው ወደ እኛ ዞረው ከዘራቸውን አነሱ። «ይቅርታ ለምኑ ብላችሁ ላካችሁን። የበደለ የለም፤ ምኑን እንለምን? በሉ ወደየቤታችሁ ግቡ» አሉ። ዚነትን መርቀዋት፣ እንደመጡ ተመለሱ።

ነብዩ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ለፍጻሜውም አንደኛው ቤዝ ያንቺ ነው» አላት። እኔ ስናደድ የዋልኩት ሴትዮ እልልታዬን አቀለጥኩት። አጠገቤ የቆመው ሰውዬ፣ «የተሸነፍነው እኮ እኛ ነን» ቢለኝ፣ «አውቃለሁ፤ አንተ ዝም በል» አልኩት።