ፀሐይ የሚያስነጥሳት ልጄ

ልጄ ከቤት ወጥታ ፀሐይ ፊቷን ሲነካት ሁልጊዜ ታስነጥሳለች። አለርጂ መስሎኝ በውጭ አገር በምንኖርበት በዌስተርቪል ከተማ ያለች ሐኪም ጋ ወሰድኳት።

«በሽታ አይደለም» አለችኝ ሐኪሟ። «ድንገት ኃይለኛ ብርሃን ሲያዩ የሚያስነጥሳቸው ሰዎች አሉ። የዓይንና የአፍንጫ ነርቮች ስለሚቀራረቡ ይሆናል፤ በእርግጠኝነት ግን አልታወቀም። ብዙ ጊዜ ከእናት ወይም ከአባት ይወረሳል።»

እኔን ፀሐይ አያስነጥሰኝም። መኪና ውስጥ ልጄ በእንግሊዝኛ፣ «አባዬስ ያስነጥሰው ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ።

አባቷ የሞተው እሷ ገና ድክ ድክ ሳትል ነው። እሱ ዌርሃውስ፣ የዕቃ መጋዘን ውስጥ፣ የሌሊት ሺፍት ይሠራ ነበር፤ ቀን መጋረጃ ዘግቶ ሲተኛ እኔ ሥራ ላይ ነኝ። አብረን ፀሐይ ላይ የቆምንበት ቀን ባስብ ባስብ አልመጣልሽ አለኝ።

ቤት ስንገባ ደሴ ላሉት እናቱ ደወልኩ።

«እማማ፣ ልጅዎን ፀሐይ ያስነጥሰው ነበር?»

«ደጅ በወጣ ቁጥር ነዋ! አንቺ አታውቂም እንዴ፣ ልጄ?»

«አላውቅም» አልኳቸው፤ ሁለታችንም ስልኩ ላይ አለቀስን።

ለልጄ ስነግራት ግን ደስ ብሏት እየሮጠች ፀሐይ ወዳለበት ግቢ ወጣች።