ሻሺቱና የመስቀል ቅቤ

ሚስቴ ሻሺቱ ሲቀላ ገበያ ቅቤ መነገድ ከጀመረች ዐሥራ አንድ ዓመት ሆናት። አንድ ቀን እንኳ «ነገ ይወደዳል» ወይም «ይረክሳል» ስትል አልሰማኋትም። ትንበያው የእኔ ሥራ ነበር። ሴቻ ሰፈር ቢሮ ውስጥ ጸሐፊ ነኝ፤ ወረቀትና እርሳስ ስላለኝ ነገ የሚታየኝ ይመስለኝ ነበር።

እሷ የምታየው ገዢውን ነው። ከደጋው ከጨንቻ የወረደውን ቅቤ ከኮባው ገልጣ ታስቀምጣለች። አንዱ አሽትቶ ሳይከራከር ከከፈለ ለሚቀጥለው ትጨምራለች። ሦስቱ አሽትተው ካለፉ ትቀንሳለች። «ለምን ረከሰ?» ስላት፣ «ለምኑን አንተ አጥና፤ ደመወዝ የሚከፍሉህ ለሱ አይደል?» ትለኛለች።

በ1989 ዓ.ም. የሚያዝያው ዝናብ በሣር ጣሪያችን ገብቶ የልጃችንን የሐዊን አልጋ አራሰው። የያዛት ሳል ነሐሴም ገብቶ አለቀቃትም። የጥቅምቱ ዝናብ ሳይመጣ ቤቱን ቆርቆሮ ማልበስ ነበረብን። ብሩ ግን አልሞላም። ስለዚህ ያጠራቀምነውን ሁሉ ቅቤ እንግዛበት ብዬ ወጠርኳት፤ በመስቀል ከጋሞ ሰው ቅቤ የማይበላ ማን አለ? ኪሎውን በዐሥራ ስድስት ብር ገዛን። ሠላሳ ብር ይገባል ብዬ ለቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ሳይቀር ተናገርኩ። ጉባኤው ነቢይ አላጣም ነበር፤ አንድ ጨመርኩበት።

ለመስቀል ዐሥር ቀን ሲቀረው ዋጋው ወረደ። ለካ ጨንቻም እንደኔ ያለ ነቢይ ሞልቷል፤ ያቆየውን ሁሉ ተሸክሞ መጣ። ሻሺቱ በዐሥራ አራት መሸጥ ጀመረች። ከቢሮ እየሮጥኩ ደረስኩ።

«አንቺ ሴት፣ ገና ይወጣል!»

«ሲወጣ እገዛለኋ።»

ግማሹን ነጥቄ ቤት ወሰድኩ።

በአራተኛው ቀን ጎርፍ የጨንቻን መንገድ ቆረጠው፤ ቅቤ ጠፋ። ታፍራለች ብዬ ላያት ብሄድ በዐሥራ አራት የሸጠችውን በዐሥራ ሰባት መልሳ ትገዛለች። ገበያተኛው ሳቀባት፤ እሷም አብራ ሳቀች። በማግስቱ ሃያ አንድ ሲገባ መሸጥ ጀመረች። ከዚያ መንገዱ ተከፈተ፣ ሁለት ሦስት ገዢ ፊቱን አዞረ፤ የቀራትንም ጨርሳ እኔ ዘንድ መጣች።

«የሐዊ አባት፣ ያንተንም አሁን እንሽጠው።»

«ሠላሳ ይገባል ብያለሁ። ሽማግሌዎቹ ሰምተዋል። የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ!»

«የወለድካትማ እያሳለች ነው» አለችኝና ወጣች።

ያኔ ተነስቼ መሸጥ ነበረብኝ። አልተነሳሁም። የመስቀል ዕለት የእኔን ቅቤ በዐሥራ ሁለት እንኳ የሚጠይቀኝ አጣሁ።

የሻሺቱ ብር ለግማሽ ጣሪያ በቃ። ቆርቆሮው ከየት ይጀምር ብሎ አናጢው ሲጠይቅ ወደ እኔ ዞሮ ነበር። አፌን ሳልከፍት ሻሺቱ ሐዊ የምትተኛበትን አሳየችው። በጥቅምት ሲዘንብ ልጅቷ ደረቅ አልጋ ላይ ተኛች፤ ሻሺቱም ትራሷን ይዛ ወደ እሷ ሄደች። በሚያፈሰው የሣር ጣሪያ በኩል እኔ ቀረሁ።