ለወንድሜ ያመጣሁት ጨው

ጎረቤቴ አሞሌ ጨው ስትሰብር በሰማሁ ቁጥር ጆሮዬን እይዛለሁ።

ልጅ ሳለሁ እንጦጦ ላይ፣ ከጳጳሱ ጋር ከግብፅ የመጡ አንድ ሽማግሌ፣ "የጥንት የአገሬ ሰዎች ሬሳን በጨው አድርቀው በበፍታ ይጠቀልሉት ነበር፤ ነፍስ ስትመለስ ሥጋዋን እንድታውቀው" ብለው አጫውተውኝ ነበር።

ታናሽ ወንድሜ ሲሞት አያቴ እግር ላይ ወድቄ፣ "አባባ፣ አይቅበሩት! በጨው እናድርቀው!" አልሁ።

አክስቴ "ይቺ ልጅ አበደች" አለች። አያቴ ግን እንባዬን ጠርገው፣ "እሺ ልጄ፣ የካ ወርደሽ ከአጎትሽ ቤት ጨው አምጪ። እስክትመጪ እንጠብቅሻለን" አሉኝ።

አሞሌውን ታቅፌ ዳገቱን እያለከለክሁ ስወጣ፣ ሰዉ ከማርያም ከቀብር ሲመለስ አገኘሁት። የአያቴ እጅ አፈር ነበረበት።

"እንጠብቅሻለን አላሉኝም?"

"ለአንቺው ብዬ ነው" አሉ።

አክስቴ ጨዉን ከእጄ ወስዳ ለለቀስተኛው ንፍሮ ሰባበረችው።