የጉድጓዱ ክዳን

ልጅ እያለሁ ሰበታ ውስጥ ቧንቧ የገባለት ግቢ ብርቅ ነበር። የእኛም ግቢ እንደ ጎረቤቶቻችን ሁሉ በእጅ የተቆፈረ የውሃ ጉድጓድ ነበረው። አፉ ከመሬት እኩል ነው፤ የሚከደነውም ቆርቆሮ በተመታበት ሳንቃ ነበር። ክረምት ሲገባ ውሃው ወደ ላይ ይወጣና ግቢው በሙሉ እርጥብ አፈርና የባሕር ዛፍ ቅጠል ይሸታል። እናቴ በወጣች በገባች ቁጥር «ክዳኑን እንዳትነኩ!» ትለናለች። በቀን አሥር ጊዜ የሚባል ነገር ማን ይሰማል? እኛም አንሰማም ነበር።

ከጓሮ ባለችው ክፍል አያንቱ ተከራይታ ትኖር ነበር። ዓይነ ስውር ናት፤ ያኔ ሃያ ዓመት ቢሆናት ነው፣ መምህርት ለመሆን ትማራለች። ከሰዓት በኋላ በርጩማዋን በሯ ላይ አውጥታ፣ የብሬል መጽሐፏን ጭኗ ላይ ዘርግታ በቀኝ እጇ ጣቶች ታነባለች። እኔና የጎረቤታችን ልጅ ሌንሳ አፋችንን ከፍተን እናያታለን። ልናታልላት በእግራችን ጣት ቀስ ብለን ስንጠጋ ቀና ሳትል «ሜሪ፣ መጀመሪያ አፍንጫሽን ተናፈጪ፣ ከዚያ ትደበቂያለሽ» ትለኛለች። በጣም እወዳት ነበር።

ግቢውን ከእኛ በላይ ታውቀዋለች። ከበሯ እስከ ጉድጓዱ አሥራ አራት እርምጃ ነው። መጨረሻው ላይ የጫማዋ ጫፍ ክዳኑን ሲነካ ትቆማለች፣ ቁጢጥ ብላ ገፋ ታደርገዋለች፣ ውሃዋን ራሷ ትቀዳለች፣ መልሳ ትከድነዋለች። እናቴ ልቅዳልሽ ስትላት «ይተዉት አዴ ዘነበች፣ እጅና እግር አለኝ እኮ» ብላ ትስቃለች።

አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ እኔና ሌንሳ አሻንጉሊቶቻችንን ልንድር ተነሳን። ጭቃው ወጥ ሆኗል፣ የኮባ ቅጠሉ እንጀራ ሆኗል፤ የቀረን የሙሽሮቹ ጠረጴዛ ነው። እናቴ በጠዋት ለልብስ አጠባ ውሃ ቀድታ፣ ልብሱን አስጥታ መንገድ ዳር ወዳለው ሱቋ ሄዳለች። ክዳኑን ለሁለት ሆነን ጎትተን ከማድ ቤቱ ጀርባ ወሰድነው። ሰርጉ እስኪያልቅ ብቻ ነው፣ ተባባልን።

አያንቱ ቢጫ ጀሪካኗን አንጠልጥላ ስትወጣ ከማድ ቤቱ ጥግ አየኋት። ልጮህ አፌን ከፈትኩ፤ ድምፅ እምቢ አለኝ። እግሯን ዘርግታ ክዳኑን ፈለገች፣ አጣችው። ቆጠራው የተሳሳታት መስሏት መሰለኝ፣ አንድ እርምጃ ጨመረች።

ጀሪካኑ ታች ውሃው ላይ ሲያርፍ ሰማሁ። እሷ ግን ጠባቡ አፍ ላይ በቀኝ ክንዷ ተሰንቅራ ቀረች፤ ከብብቷ በታች ያለው ሰውነቷ ጉድጓዱ ውስጥ ነው። አልጮኸችም፤ ትንፋሿ ብቻ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። የጮኸችው ሌንሳ ናት። የሌንሳ አባት ኦቦ ቶሎሳ «ያ ዋቃዮ!» እያሉ አጥሩን ጥሰው ገቡ፣ በሆዳቸው ተኝተው በብብቷ ስር ይዘው ጎትተው አወጧት። ቀኝ እጇ ከክርኗ በታች ወደማይታጠፍበት ታጥፎ ነበር።

ሰው ሁሉ እሷ ላይ ሲጎነበስ እኔ ሌንሳን ጎትቼ ወደ ማድ ቤቱ ጀርባ ሮጥኩ። ክዳኑን አምጥተን ጉድጓዱ አጠገብ አስቀመጥነው። ለምን እንዳደረግኩት አላውቅም አልልም፤ አውቃለሁ፣ ፈርቼ ነው። እናቴ ነጠላዋን መሬት ለመሬት እየጎተተች ከሱቅ ስትደርስ መጀመሪያ ያየችው ክዳኑን ነው። በሁለት እጇ ግንባሯን መታች። «እኔ ነኝ! ጠዋት ቀድቼ ሳልከድነው ሄጄ! እኔ ነኝ ያጠፋኋት!» እኔ አጠገቧ ቆሜ ነበር። ዝም አልኩ።

የአያንቱ እጅ ተጠገነ፤ ታነብባቸው የነበሩት ጣቶች ግን ከዚያ ወዲያ መዳሰስ አቃታቸው። በግራ እጇ እንደ አዲስ፣ እንደ አንደኛ ክፍል ልጅ ነጥብ በነጥብ ማንበብ ጀመረች። ዓመት ፈጀባት። በኋላ ተመርቃ ሱሉልታ ተመደበች፤ ይኸው እስከ ዛሬ እዚያ ታስተምራለች።

እኔ አሁን ቡራዩ ነው የምኖረው፣ የሁለት ልጆች እናት ነኝ። በረኪና በውሃ ፕላስቲክ ተገልብጦ ካየሁ ቤቱን በአንድ እግሩ አቆመዋለሁ። የፈላ ውሃ መሬት ተቀምጦ አላሳልፍም፣ መንገድ ላይ የተከፈተ ቱቦ ካየሁ የማላውቀውን ሰው ሳይቀር አስቆማለሁ። ባሌ ልጆቹን «ቀስ በሉ፣ ተቆጣጣሪዋ መጣች» እያለ ያሾፍብኛል፤ ጎረቤቶቼም ይስቃሉ። ከየት እንደመጣ ግን አንዳቸውም አያውቁም።

ያለፈው ፋሲካ ልጆቼን ይዤ ሰበታ ሄድኩ። ዛሬ ግቢው ውስጥ የውሃ ታንከር ቆሟል፣ ከአጥሩ ማዶ የነበረው ባሕር ዛፍ ተቆርጦ በቦታው ፋብሪካ ገብቷል፣ የጉድጓዱም አፍ በሲሚንቶ ከተደፈነ ቆየ። ልጆቼ ሲሚንቶው ላይ እየዘለሉ ሲጫወቱ እናቴ ዞራ አለፈች። ያረጀ እግሯን እየጎተተች፣ አንድ እርምጃ እንኳ ሳትረግጠው። ያን ጊዜ አላስቻለኝም። ስለ ሰርጉ፣ ስለ ጠረጴዛው፣ ክዳኑን ማን እንደመለሰው አንድም ሳላስቀር ነገርኳት።

ትቆጣለች ብዬ ነበር፤ ታለቅሳለች ብዬም ነበር። ደረጃው ላይ ተቀምጣ ሲሚንቶውን ብዙ አየችው።

«ለእሷስ ነገርሻት?» አለችኝ።

«አልነገርኳትም።»

«እኔ እኮ በየፋሲካው እየደወልኩ ይቅር በይኝ ስላት ነው የኖርኩት። እሷም በየፋሲካው ይቅር ብዬዎታለሁ ትለኛለች።»

ስልኳን ከቀሚሷ ኪስ አውጥታ መዳፌ ላይ አስቀመጠችው። የዚያን ዓመቱን ገና አልደወለችም ነበር።