የእትዬ በረኪና ኮርች

አክስቴን ሰፈሩ ሁሉ «እትዬ በረኪና» ይላታል። የሁለት ፔንሲዮኖችን አንሶላ እያጠበች ነው የኖረችው። ስሙን ማን እንዳወጣላት አይታወቅም፤ እሷም ተቆጥታበት አታውቅም። «ከቆሻሻ በረኪና ይሻላል» ትላለች።

ግቢዋ ጠባብ ነው። ሦስት የልብስ ገመድ ከግድግዳ እስከ አጥር ተወጥሯል። ፀሐይ ሲሆን አንሶላው በነፋስ ይነፋና መሃሉ የገባ ሰው መውጫው ይጠፋዋል፤ ነጭ ብቻ ነው የሚታየው። ጥግ ላይ፣ ከቧንቧው አጠገብ፣ ኮርች የሚባለው እሾሃም ዛፍ አለ።

የተከለችው የዛሬ አስራ አንድ ዓመት ነው። መንገድ የሚያሰፉ ሠራተኞች ቆርጠው የጣሉትን ቅርንጫፍ፣ እሾሁ እንዳይወጋት በአሮጌ አንሶላ ጠቅልላ አመጣችው። ሕፃን ሳለች አባቷ አዝሏት ሲሄድ ኮርች አብቦ አይታለች፣ አንድ ጊዜ ብቻ። ከዚያ ቀን የቀራት ቀዩ ነው። መንገዱን አታስታውስም፤ የአባቷን ፊት እንኳ በቅጡ አታስታውሰውም። «ቀይ ነበር፤ ሰማዩ ሁሉ ቀይ ነበር» እያለች ካውያውን አንሶላው ላይ ትረሳዋለች። ስንቱን አንሶላ እንዳቃጠለች እኔ ነኝ የማውቀው።

በየቀኑ የመጨረሻውን የማለቅለቂያ ውሃ፣ ሳሙና የሌለበትን፣ ለኮርቹ ታጠጣዋለች። «ውሃ የጠማው ምን ብሎ ይስቃል?» ትላለች፤ ለእሷ ማበብ መሳቅ ነው። ኮርቹም ጠጣ፣ ወፈረ፣ ቅጠሉ ከመዳፍ በለጠ፣ ጣሪያውን አለፈ። አበባ ግን አንዲትም የለ። እሷ በሳምንት አንዴ በሕልሟ ሲያብብ ታየዋለች። ጠዋት ስትነግረን እውነት ስለሚመስል ሁላችንም ቀና ብለን እናያለን።

አከራይዋ ጡረታ የወጡ ቀያሽ ናቸው፤ ሜትር ከኪሳቸው አይጠፋም። ዘንድሮ በጋው ሲጀምር የኮርቹን ዙሪያ ለኩና፣ «እትዬ፣ ይሄ ቦታ ከመያዝ በቀር ምን ሠራ? ክረምት ሳይገባ ካላበበ አስቆርጬ አንድ ክፍል እሠራበታለሁ» አሏት። አክስቴ ያን ቀን ሁለት ባልዲ ጨመረችለት።

በሳምንቱ ውሃ ያረጠበው የግቢው ሲሚንቶ አንሸራተታትና እግሯ ተሰበረ። ከሆስፒታል ስትወጣ እናቴ ቤት ገባች፤ እኔ ክፍሏን እንድጠብቅና ኮርቹን እንዳጠጣ ተላክሁ። የመጀመሪያዎቹን ቀናት አጠጣሁ። ከዚያ ውሃው በሦስት ቀን አንዴ መምጣት ጀመረ፤ የመጣውንም እኔ ታጠብኩበት። ምን ልደብቅ፣ ሰነፍ ነኝ። «ነገ» የሚባለው ቃል ለእኔ የተፈጠረ ነው።

እሁድ እሁድ ልጠይቃት ስሄድ እግሯን ትታ ኮርቹን ታስቀድማለች።

«ጠጣ?»

«ጠጣ፣ አክስቴ።»

«ቅጠሉስ?»

«ጫካ ሆኗል!» እላታለሁ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ። ቅጠሉ መርገፍ ጀምሯል እኮ። እሷ ዓይኗን ጨፍና ፈገግ ስትል አንጀቴን ትበላዋለች።

በሁለተኛው ወር ኮርቹ ራቁቱን ቀረ። ደንግጬ ባልዲ ይዤ ሮጥኩ፤ ቧንቧው ጉሮሮውን ጠራረገና ዝም አለ። አከራዩ በመስኮት አዩኝ። «አትድከም ልጄ፣ አልቆለታል። መጥታ ትሰናበተውና ይቆረጣል» አሉኝ። ያን እሾሃም እንጨት ላለማየት ጓደኛዬ ቤት ሁለት ሳምንት ከረምኩ። ሌሊት ሌሊት አንሶላ ውስጥ ጠፍቼ መውጫ ስፈልግ አልም ነበር።

የምትመለስበት ቀን ደረሰ። ከታክሲ አውርጄ በሩ ጋ ሳደርሳት፣ «አክስቴ፣ አንድ ነገር...» ስል አላስጨረሰችኝም፤ በሩን በክራንቿ ገፋችው።

ግቢው ቀይ ነበር። ኮርቹ ላይ አንድ ቅጠል የለም፤ ቅርንጫፎቹ ሁሉ ግን ጫፋቸው ላይ ፍም የመሰለ አበባ ይዘዋል። ባዶ ገመዶቹ ላይ ወፎች ተሰልፈዋል። ሲሚንቶው ላይ፣ እሷ በወደቀችበት ቦታ፣ አበባ ተነጥፏል። አከራዩ ወንበር አውጥተው ከሥሩ ተቀምጠዋል።

«በሳምንት ውስጥ ነው እንዲህ የሆነው» አሉ በሹክሹክታ። «አይቆረጥም፣ እትዬ። በቃ፣ አይቆረጥም።»

አክስቴ የሰማቻቸው አልመሰለኝም።

«ትዝ አለኝ» አለች። «ቅጠል አልነበረውም። ያኔም ቅጠል አልነበረውም።»

«አክስቴ፣ እኔ አላጠጣሁትም። ስዋሽሽ ነው የከረምኩት።»

ዞራ አየችኝ፣ ከዚያ እንደገና ወደ ላይ።

«አስራ አንድ ዓመት» አለች። «አስራ አንድ ዓመት ሙሉ ውሃ እያጠጣሁ አፉን የያዝኩት እኔ ነኛ!» እያለቀሰች ሳቀች። እኔም አፈርኩ፣ ደስም አለኝ፣ የማደርገው ጠፋኝ።

በዚህ መሃል ቧንቧው አጉረመረመና ውሃው መጣ። እንደ ልማዳችን ባልዲውን ሞልቼ ወደ ኮርቹ ስሄድ ክራንቿ ባልዲው አፍ ላይ አረፈ።

«ተው!» አለችኝ። «ስቆ ይጨርስ።»