ቁርኣኑ እስኪያበቃ

ሸዋ ሮቢት ላይ ስልክ በተቋረጠበት ሰሞን እናቴ አገር ቤት፣ ጋይንት፣ ሆስፒታል ተኝተው ነበር። ወንድሜ አስቀድሞ ነግሮኛል፤ "ስልኩ ከጠፋ ቅዳሜ ቅዳሜ በራዲዮ የአድማጮችን መልእክት ስሚ፤ እዚያ አስነግራለሁ።" ከባሰባቸው ልነሣ ቆርጫለሁ፤ መንገዱ ግን ማንም ሂጂ ብሎ የሚመክረው አልነበረም። የምሠራበትን ጤና ጣቢያ ፈቃድ ጠይቄ ወሬውን እጠብቃለሁ።

የራዲዮ ጣቢያው በአጭር ሞገድ ከውጭ አገር የሚያስተላልፍ ነው። ራዲዮ ያላቸው አከራዬ ነበሩ፤ ማሾ የሚነግዱ የይፋት ሽማግሌ። ቅዳሜ፣ ከመግሪብ በፊት፣ ግቢው ውስጥ በርጩማ ላይ አስቀመጡልኝና ለውዱእ ሊታጠቡ ወደ ውሃው በርሜል ሄዱ።

መልእክቱ እንደተጀመረ ከጎኑ ያለ የዐረብ ጣቢያ እየጎላ መጣ፤ ቁርኣን ይቀራበታል። አማርኛው ከሥሩ ይንሾካሾካል። ማዞሪያውን ልነካ እጄን ዘርግቼ ተውኩት። እኚህ ሰው ቁርኣን ሲቀራ ወሬ አያወሩም፣ መሐል ላይም አያጠፉም። እኔስ ወንጌል ሲነበብ ማን ቢያቋርጥ እወዳለሁ? በልቤ አቡነ ዘበሰማያት እየደገምኩ ጠበቅሁ። ሲያበቃ አማርኛው ሙዚቃ ላይ ደርሷል።

"ምን አሉሽ ሲስተር?" አሉኝ እጃቸውን እያራገፉ።

"አልሰማሁም። ቁርኣኑ ገባበት።"

"ታዲያ አታዞሪውም?"

"አንቱ እየሰሙ እንዴት ላዙረው?"

"ያ አላህ! እኔ ደግሞ ወደሽው የምትሰሚ መስሎኝ፣ እንዳልረብሽሽ ብዬ ነው እዚያ የቆምኩት!"

ባለቤታቸው ከጓዳ ሆነው ሳቁብን። "እናንተን በር ላይ ቢያገናኟችሁ 'ይግቡ፣ ግቢ' ስትባባሉ ይነጋል!"

እኔ ግን ሳቅ አልመጣልኝም። ሌላ ሳምንት ሙሉ መጠበቅ ነው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ማዞሪያውን ራሳቸው ያዙ። ቁርኣኑ ሲመጣ መርፌዋን ከዐረቡ ራቅ አድርገው የእኛ ጣቢያ ጠርዝ ላይ አቆሟት። የአማርኛው አንባቢ አፍንጫውን የተያዘ ሰው መሰለ፤ ቢሆንም ድምፁ ለብቻው ቀረ።

"የአላህ ቃል ትንሽ ወደ ጎን ስላሉት አይቀየምም" አሉኝ። "የእናት ነገር ነው።"

መልእክቱ አጭር ነበር፦ "ሸዋ ሮቢት ለምትገኝ ነርስ እህቴ፤ እናታችን ቆመው መሄድ ጀምረዋል። መንገዱ እስኪከፈት እንዳትነሺ ብለዋል።"

ሰኞ ጤና ጣቢያ ገብቼ ለኃላፊው ፈቃዱ ይቅርብኝ አልኩት።