ለመንገዱ ሁለት ኪኒን

ፀጉር አስተካካዩ የትምህርት ቤቱን ዳይሬክተር በግማሽ ላጭቶ ጥሏቸው የሮጠ ዕለት ሰፈሩ ሌላ ወሬ አላስፈለገውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዳይሬክተሩ ግራ ጉንጭ አልቋል፣ እንደ ሕፃን ገላ ለስልሷል። ቀኙ ገና አረፋ እንደተቀባ ነው። ፀጉር አስተካካዩ በድንገት ምላጩን አስቀመጠና «ይቅርታ ጋሼ፣ አንዴ መጣሁ» ብሎ በጓሮው በር ውልቅ አለ። ይህ ሰው ምላጭ መያዝ ከተማረ ጀምሮ ሁለቱን ጉንጭ ሳይጨርስ እጁን አንሥቶ አያውቅም፤ ቤቱ በእሳት ቢያያዝ እንኳ ፂሙን ጨርሶ ነው የሚሮጠው እያሉ ይቀልዱበት ነበር። ዳይሬክተሩ ጠበቁ። አረፋው ደረቀ። በኋላ ሁለተኛው ወንበር ላይ የሚሠራው ባልደረባው፣ አፉ ስለማያርፍ «ሬዲዮ» የሚሉት፣ የቀረውን ጉንጭ ላጨላቸው። «አይቀየሙት ጋሼ፣ የሱ ሆድ እንደ እርስዎ ትምህርት ቤት ደወል ነው፤ ከጮኸ ጮኸ ነው» አላቸው። ዳይሬክተሩ አልሳቁም። ከዚያ ቀን ወዲህ የሚላጩት ሌላ ቤት ነው።

ሬዲዮ ያላወቀው ነገር ነበር። ሬዲዮ ካላወቀው ደግሞ ማንም አላወቀውም። ፀጉር አስተካካዩ አልደረሰም። የግቢው መጸዳጃ ቤት የጋራ ነው፤ ቁልፉ የሚሰቀለው ደብተርና እስክሪብቶ የምትሸጠው ጎረቤት ዘንድ ነው። ሴትዮዋ ደንበኛዋን አስተናግዳ፣ «እንዴ፣ አሁንም?» ብላ ቁልፉን እስክታወርድለት ድረስ ነገሩ አልቆ ነበር። ሱሪውን ጓሮ ባለው ቧንቧ አጠበ፣ እርጥቡን መልሶ ለበሰ፣ ረጅሙን ነጭ ጋውን እስከ ታች ቆለፈበትና ወደ ሥራው ተመለሰ። ልጅ ወልዶ ለወግ ለማዕረግ ያበቃ ሰው በዚህ ዕድሜው ልብሱ ላይ አመለጠው። ቀኑን ሙሉ ለደንበኞቹ ፈገግ እያለ ውስጡ አለቀሰ። ለሚስቱ እንኳ አልነገራትም።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። እውነት ነው፤ ግን እስቲ ይህን በሽታ ማን ይገልጠዋል? ልብ የሚያመው ሰው ደረቱን ይዞ ሲቀመጥ ሁሉም ያዝንለታል። ወገቡን የሚያመው ወንበር ይለቀቅለታል። አንጀቱ የማይታዘዝለትን ሰው ግን ሰው መጀመሪያ ይስቅበታል፤ ማዘኑ ከተረፈው በኋላ ያዝንለታል።

ሲጀምረው ከቁም ነገር የቆጠረው አልነበረም። «አሜባ ነው» ተባለ፤ የአሜባውን ዋጠ። «ጃርዲያ ነው» ተባለ፤ የጃርዲያውን ዋጠ። ጤና ጣቢያ በሄደ ቁጥር ያችን ትንሽ ዕቃ ይሰጡታል፣ ናሙናውን ይዞ ይመለሳል፣ ኪኒን ተሸክሞ ይወጣል። ጥቂት ቀን ፋታ ያገኛል። ከዚያ ያው ቁርጠት፣ ያው ሩጫ። መታመሙ ሲሰማ ደግሞ ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ሁሉ ሐኪም ሆነ። አንዱ ነጭ ሽንኩርት በባዶ ሆድ ዋጥ ይለዋል። ሌላው ወተት ተው ይለዋል፤ ከሱ ቀጥሎ የተቀመጠው ደግሞ ወተት ነው መድኃኒቱ ይላል። ሬዲዮ «ጭንቀት ነው፣ አትጨነቅ» ባይ ነው። አትጨነቅ ስለተባለ መጨነቅ የተወ ሰው ካለ እስቲ ይቅረብና እንየው።

ከዚያ ደም አየ።

ታላቅ ወንድሙም የጀመረው በዚሁ ነበር። ሆዱን ይዞ ዝም፣ ቀበቶውን አንድ ቀዳዳ እያጠበቀ ዝም። ሐኪም ቤት የገባው ሰው ተሸክሞት ነው። ከፍተው አዩትና ምንም ሳያደርጉ መልሰው ሰፉት። የመጨረሻውን ፂሙን አልጋው ላይ የላጨው ፀጉር አስተካካዩ ራሱ ነው፤ ጉንጩ ገብቶ ምላጩ የሚያርፍበት አጥቶ እንደነበር እጁ እስካሁን አልረሳም። ይኸው አሁን ሥራው መስተዋት ፊት መቆም ነውና፣ ከደንበኛው ራስ በላይ የራሱ ጉንጭ ቀን በቀን ሲጎድል ያያል። ማወቅ የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፤ የወንድሜ ነው ወይስ አይደለም? አይደለም ቢሉት ዕድሜ ልኩን ሲሮጥ ቢኖርም አይከፋውም ነበር።

ደሙን ሚስቱ ልብስ ስታጥብ ደረሰችበት። አልጮኸችም። ሱሪውን እንደያዘች መጥታ ፊቱ ቆመች።

«ወንድምህን ቁጭ ብዬ አየሁት። አንተን ቁጭ ብዬ አላይም» አለችው።

ትልቁ ሆስፒታል ይዛው ሄደች። ዶክተሩ ሆዱን ዳብሶ፣ ጠይቆ፣ ጽፎ ሲያበቃ፣ በቀጭን ቱቦ ካሜራ ገብቶ አንጀቱ ከውስጥ መታየት እንዳለበት ነገራቸው። «ሳናይ ምንም ማለት አንችልም» አለ። መሣሪያው አንድ ነው፤ ወረፋው ለጉድ ነው። የተሰጣቸው ቀን እጅግ የራቀ ነበር። ሚስቱ ዳቦ ቤት ገንዘብ ተቀባይ ናት። በየሳምንቱ ሥራ ከመግባቷ በፊት በሆስፒታሉ በኩል እየዞረች የቀጠሮው መስኮት ላይ አንገቷን ታስገባለች። «የቀረ ሰው አለ?» ትላለች። የለም ይሏታል። «እሺ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ትሄዳለች፣ በሳምንቱ ትመለሳለች። ጥበቃዎቹ ሲያዩዋት በር መክፈት ለመዱ። አንድ ቀን የቀረ ሰው ተገኘ። ለምን እንደቀረ አልጠየቀችም።

የዳይሬክተሩ ጉድ የመጣው እንግዲህ ይህን ቀን እየጠበቁ ሳለ ነው። ፀጉር አስተካካዩ በማግስቱ ራቅ ያለ ሰፈር፣ ማንም የማያውቀው መድኃኒት ቤት ሄዶ ተቅማጥ የሚያስቆም ኪኒን ገዛ። ባለ መድኃኒት ቤቷ «ይህ ያስቆማል እንጂ አያድንም። ሐኪምዎ እንደሚወስዱት ይወቅ» አለችው። እሺ አለ። ኪኒኑን ጋውኑ ኪስ ውስጥ ከማበጠሪያው ጎን አኖረው። ጠዋት አንድ፣ ቁርጠቱ ከበረታ ከሰዓት ሌላ። ሰው ሆነ። ሁለቱንም ጉንጭ እየጨረሰ መላጨት ጀመረ። ቁልፍ ጠባቂዋ እንኳ «ዛሬስ ረሳኸን» አለችው። ለሚስቱ ያልነገራት፣ ስለ ኪኒኑ ከነገራት ስለ ሱሪው መንገር ስላለበት ነው።

ከምርመራው በፊት ሁለቱም ሄደው ሲስተሯ መመሪያ ሰጠቻቸው። «ከዋዜማው ጀምሮ ምግብ የለም። ዱቄቱን በውሃ በጥብጠው ግማሹን ማታ፣ ግማሹን ንጋት ላይ ይጠጡታል። የሚወጣው እንደ ቧንቧ ውሃ እስኪጠራ ድረስ ነው። ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?»

«የለም» አለች ሚስቱ፣ በሱ ፋንታ። እሱ ጫማውን ያይ ነበር።

በዋዜማው ኪኒን አልወሰደም፤ እዚህ ድረስ ደህና ሄዷል። የመጀመሪያውን ግማሽ ጠጥቶ ሲመላለስ አመሸ። ሚስቱ ኮሪደሩ ላይ ወንበር አውጥታ በሩን እያየች ተቀመጠች። «አይዞህ፣ ዛሬ እንኳ ቤትህ ነው፤ የሚጠብቅህ ዳይሬክተር የለም!» ስትለው ከውስጥ ሆኖ ሳቀ። ሲስቅ ሆዱን ቆረጠው፤ እያቃሰተ ሳቀ። ስንት ጊዜ ሆኗቸው ነበር እንዲህ ሳይሳሳቁ።

ሲነጋ ሁለተኛውን በጠበጠችለት። ጨው የበዛበት ሎሚ ይመስላል። እየተንገፈገፈ ጨልጦ ጠጣ፤ እሷ ልትለባብስ ገባች። ያኔ አውቶቡሱ ትዝ አለው። የጠዋቱ አውቶቡስ ጢም ይላል። ሰው በሰው ላይ ተደራርቦ ይቆማል፣ መንገዱ ሲዘጋ ሹፌሩ በር አይከፍትም። ሆዱ ከአሁኑ መንጫጫት ጀምሯል። ያ ቀዝቃዛ የቧንቧ ውሃ፣ እርጥብ ሱሪው ጭኑ ላይ ሲጣበቅ፣ ሁሉም ተመለሰበት። ጓሮው ውስጥ ቢያንስ ብቻውን ነበር። አውቶቡስ ውስጥ፣ ሚስቱ ጎን፣ ሰው ሁሉ አፍንጫውን ይዞ ሲዞርበት አየው። ምናልባት ብሎ ከጋውኑ ወደ ኮቱ ኪስ ያዛወራቸውን ኪኒኖች አወጣ። «ለመንገዱ ብቻ ነው» አለ ለራሱ። «ስንት ወር ሙሉ ውሃ የወጣው አንጀት ከዚህ በላይ ምኑ ይጸዳል?» ሁለቱን በብርጭቆው ዝቃጭ ዋጣቸው።

የፈሩት ይደርሳል ይላሉ። የፈራው አልደረሰም። አውቶቡሱ ውስጥ ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ ለአንዲት ነፍሰ ጡር ቦታ እያስለቀቀ፣ እንደ ጤነኛ ሰው ሆስፒታል ደረሰ። ያልፈራው ነው የጠበቀው።

ከኋላው የተከፈተውን የሕክምና ልብስ ለብሶ በጎኑ ተኝቷል። ዶክተሩ ቱቦውን ትንሽ ካስገባ በኋላ ቆመ። ሲስተሯን አየት አደረጋት። እንደገና ሞከረ። ከዚያ ቱቦውን አወጣው።

«አልጸዳም። ከዚህ በላይ መግባት አልችልም፤ አይታየኝም። ዱቄቱን ሁሉንም ጠጥተዋል?»

«ሁሉንም ጠጥቻለሁ፣ ዶክተር።»

«ሌላ የወሰዱት ነገርስ?»

እንዲህ መቀመጫውን አጋልጦ ተኝቶ ነው የሱሪውን ነገር ከሥር ጀምሮ የሚያወራው? ሲስተሯ እየሰማች? በሩ ላይ የቆመችው ተለማማጅ እየሰማች? አንዲት ቃል ብቻ ነበር የምትጠበቅበት፤ እሷም አፉ ላይ ደርሳ ነበር።

«የለም» አለ።

ሲስተሯ ወጥታ ለሚስቱ ነገረቻት። መድገም ግድ ነው፤ ቅርብ ያለው ክፍት ቀን ከክረምት በኋላ ነው አለቻት። ፀጉር አስተካካዩ ሱሪውን ለብሶ ኮሪደር ላይ ሲደርስ ሚስቱ ሌባ ላይ የምትጮህ ይመስል እጇን እያወናጨፈች ነበር።

«እኔ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ! እኔው ነኝ የበጠበጥኩለት! ሌሊቱን ሙሉ ሲመላለስ ነው ያደረው!»

«እሜቴ፣ እኔ እሳቸው አልጠጡም አላልኩም። ግን አንዳንዱ ሰው...»

«አንዳንዱን ሰው ተይኝ! የኔ ባል አይዋሽም! ዱቄታችሁ ጊዜው ያለፈበት ነው፣ ይኸው ነው! ሰው ሞቶ እስኪያልቅ ነው የምትጠብቁት?»

ወረፋ የያዙት ሁሉ ዞረው አዩ። አንዲት አሮጊት «እውነቷን ነው» አሉ። ሲስተሯ ወጣት ናት፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ፀጉር አስተካካዩ ከሚስቱ ጀርባ፣ ቀበቶውን በእጁ እንደያዘ ቆመ። ስንት ጠዋት ያ መስኮት ላይ አንገቷን እንዳስገባች ያውቃል። አፉን ከፈተ። «ነይ በቃ፣ እንሂድ» ብቻ ነው የወጣው። ሚስቱ ሽንፈቱ የገባት ያኔ ነው፤ ትከሻዋ ወረደ። ወደ ቀጠሮው መስኮት ሄዳ ከክረምት በኋላ ያለውን ቀን ተቀበለች። የመስኮቱ ሠራተኛ ለይቷት «እንግዲህ ምን ይደረጋል» አላት፣ ከልቡ።

አውቶቡሱ በዚህ ሰዓት ባዶ ነው፤ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ብዙ ከሄዱ በኋላ እሱ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየ ተናገረ።

«ያችን ሲስተር ይቅርታ መጠየቅ አለብን።»

«እኔ ነኝ ይቅርታ የምጠይቀው? ለምኑ?»

ነገራት። ከቁልፉ ጀመረ። ጓሮውን፣ ቧንቧውን፣ እርጥቡን ሱሪ፣ ሩቅ ሰፈር ያለውን መድኃኒት ቤት፣ ኮቱ ኪስ የነበሩትን ኪኒኖች፣ አንዱንም ሳያስቀር ነገራት። ድምፁ ከሞተሩ በታች ነበር፤ እሷ ግን አንዱም ቃል አላመለጣትም። ትቆጣኛለች ብሎ ጠበቀ። ብትቆጣው ደስ ባለው። ሰው ወረደ፣ ሰው ተሳፈረ።

«አሁን ያምሃል?» አለችው በመጨረሻ።

«አያመኝም።»

«ትንሽም?»

«ምንም። ጸጥ ብሏል።»

እጇን አንሥታ፣ ሰው ያያል ሳትል፣ ሆዱ ላይ አኖረችው። ፊት ለፊት የተቀመጠው ሰውዬ አፍሮ ዓይኑን ወደ ውጭ መለሰ። ከመዳፏ በታች ምንም ነገር አይንቀሳቀስም፣ ምንም አይጮህም። እንደ ጤነኛ ሰው ሆድ ነበር። ያኔ ነው ማልቀስ የጀመረችው።